ይድረስ ለነጂብ፦ ስለዚያ ጠመንጃ

ወንድሜ ነጂብ፣

አሰላሙ አለይኩም። እናትህ እንዴት ናቸው? ባለቤትህ፣ ልጆቹስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ። የጭነት መኪና ሹፌር ወገቡን ካላመመው ምኑን ሊያመው ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልህ ነበር፤ ከዚህ አገር የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ስለሚል ተውኩት። እውነቱ ሌላ ነው። የመጨረሻው መልእክትህ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ጠመንጃ ይዤ የተነሳሁትን ፎቶ ስልክልህ «ኧረ ጉድ! ስሙ ማን ይባላል? ቦዬ ይጥላል ወይስ ለፎቶ ነው?» ብለህ ነበር። ያንን ጥያቄ መመለስ አቅቶኝ ነው የጠፋሁት። መጀመሪያ አንድ ሳምንት አለፈ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ በኋላ ማፈር መጣ። ዛሬ ልመልስልህ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናውን አስፈልተህ ተቀመጥ።

ቦዬ፣ ያ የዱር አሳማ፣ እዚህ ቴክሳስ እንደ ሊሙ ጫካው የአገሩ ተወላጅ አይደለም። መጤ ነው፣ እንደ እኔ። በ1539 ዴ ሶቶ የሚባል ስፔናዊ ፍሎሪዳ ሲወርድ ለስንቅ ብሎ አሳማ እየነዳ ነበር የመጣው። እሱን ከመሰሉ ሌሎችም ሰዎች እጅ ያመለጠው ዱር ገባ። ኋላ ደግሞ ሀብታሞች ለአደን ብለው የአውሮፓን የዱር አሳማ አምጥተው ለቀቁበት፤ ተዳቀለ። ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይገመታል። መንግሥትም እጁን አንስቷል ማለት ይቻላል፦ ከ2011 ጀምሮ ከሄሊኮፕተር ላይ መተኮስ ተፈቅዷል፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ባለመሬቱ እሺ ካለህ በግል መሬት ላይ የአደን ፈቃድ እንኳ አትጠየቅም። አባትህ ማማ ላይ ሆነው ሌሊቱን ሙሉ ጣሳ ሲደበድቡ ያደሩትን ሳስብ የሄሊኮፕተሩ ነገር ያስቀኛል። እኛ ወንጭፍ ነበረን፤ እነሱ ሄሊኮፕተር አላቸው፤ ቦዬው ግን እዚያም እዚህም በቆሎውን ይበላል።

ወደ ነገሩ ልግባ። ትሪኒቲ ወንዝ አጠገብ ከብት የሚያረቡ አንድ ሽማግሌ አሉ። መኖ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የግጦሽ መስኩን አሳዩኝ፤ በሬ ጠምዶ ያረሰው ይመስላል፣ ያውም እርፍ መያዝ የማያውቅ ገበሬ። እኔም የበቆሎ ጠባቂ ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው። ሳቁና «እንግዲያውስ ቅዳሜ ማታ ና» አሉኝ።

እሳቸው የሚያድኑት በውሻ ነው። ውሾቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱን እኛ ብንሆን «አጋች» እንለው ነበር፦ አሽትቶ ያገኘዋል፣ ይከበዋል፣ ፊቱ ላይ እየጮኸ እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል እንጂ አይነክስም። ሌላው «ያዥ» ነው፤ ደረተ ሰፊ፣ አፈ ትልቅ። ይህ እስከ መጨረሻው በገመድ ታስሮ ይቆይና ሲለቀቅ በቀጥታ የአሳማውን ጆሮ ነክሶ ይይዛል፣ ካላስለቀቁት አይለቅም። የአሳማው ክራንቻ ምላጭ ስለሆነ ሁሉም ወፍራም ሰደርያ ይለብሳሉ። ሰደርያው ክራንቻ ያቆማል። ጥይት አያቆምም።

ጠመንጃዬን የገዛሁት ከዚያ ቅዳሜ በፊት ነበር። ሻጩን «አሳማ ነው» አልኩት፤ «.308 ውሰድ፣ የማይጥለው የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የማይጥለው የለም። ውሻ እንደሚኖር እኔ አልነገርኩት፣ እሱም አልጠየቀኝ።

የካቲት ነበር፤ ትንፋሻችን ይጨሳል። ውሾቹ ወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው ጩኸታቸው በአንድ ቦታ ረጋ። ሽማግሌው «አገቱት፣ ቀስ እያልክ ቅረብ» አሉኝ። ግንባሬ ላይ ባሰርኩት መብራት አየሁት፤ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ጥቁር ወንድ፣ ጀርባው ቆሟል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ከኋላዬ «ቆይ!» ሲሉ ሰማሁ መሰለኝ። ቃታውን ስቤ ነበር። አሳማው በቆመበት ተዘረጋ። ጆሮዬ ጭው እያለ፣ ከዚያ ጭውታ ውስጥ ቀጭን የውሻ ጩኸት ወጣ።

አረሩ የአሳማውን አንገት በስቶ አልፎ ከወዲያ በኩል የነበረችውን ዴዚን የኋላ እግሯ ላይ አገኛት። ሽማግሌው አንድ ቃል አልተናገሩም። ካፖርታቸውን አውልቀው ጠቀለሏትና መኪናው ላይ አወጧት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እግሯ ተቆረጠ።

ሐኪሙ በር ላይ ቆሜ ትዝ ያሉኝ አባትህ ናቸው። ያች በጨረቃ ቦዬው ማሳው መሐል ወለል ብሎ የቆመባት ሌሊት አትረሳህም መቼም። ምንሽሩን አነጣጥረው ነበር፤ ዝቅ አደረጉት። ለምን ስንላቸው «ከኋላው የማን ቤት ነው?» አሉን። ከኋላው የማንም ቤት አልታየንም። በጭለማው ውስጥ ግን የአክስትህ ጎጆ እዚያ ነበረች። የአስራ ሁለት ዓመት ልጆች ነበርን፤ ፈሪ ናቸው ብለን ስናማቸው አነጋን።

እንግዲህ «ስሙ ማን ይባላል» ላልከኝ። ካሊበር የሚሉት የአረሩን ስፋት ነው፣ በኢንች። .308 ወደ 7.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ሆኖም ቁጥሩን እንደ ገበያ ሚዛን አትመነው። .38 የሚባለው የሽጉጥ ጥይትና .357 ማግነም የሚባለው ስፋታቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማግነሙ ቀልሃው ረዝሞ ባሩዱ መብዛቱ ነው። .44 የሚሉትም ሲለካ .429 ነው። .30-30 የምትባል አለች፤ ሁለተኛው 30 የባሩዱ ክብደት ነበር። 1895 የወጣች፣ ከዐድዋ አንድ ዓመት የምትቀድም፣ እስከ ዛሬም እነዚህ ሽማግሌዎች ከእጃቸው የማትለይ።

ዋናው ግን ስፋቱ አልነበረም። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው የ.308 አረር ክብደቱ 9.7 ግራም ገደማ ነው፤ የ.357ም 10 ግራም ገደማ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ግን በሴኮንድ ከ850 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከሽጉጥ ሲወጣ ወደ 380። ያ ፍጥነት መቶና ሁለት መቶ ሜትር ላይ ለቆመ አሳማ ነው የተሠራው። እኔ ስድስት እርምጃ ላይ ለቆመ አሳማ አዋልኩት፤ ታዲያ ትርፉን የት ይጣለው?

ዛሬ እኔ የምይዘው ስድስት ጎራሽ .357 ነው፤ አረሩ ሥጋ ሲነካ የሚሰፋ፣ ጫፉ ለስላሳ። ሽማግሌው የያዙት .44 ነው፤ የእሳቸው አረር 15 ግራም ያልፋል። ልምዱ ያለው እጅ ይይዘዋል። እኔ ሞክሬው ሁለተኛውን ጥይት የት እንደላክሁት አላውቅም፤ የሚደነግጥ እጅ ደግሞ ውሾች መሐል ቦታ የለውም። አንዳንዱ የልጆች የሚመስለውን .22 ይዞ ይመጣል። በያዥ ተይዞ ለተኛ አሳማ ከጆሮው ሥር አስጠግተህ ብትተኩስ ይበቃል። ቆሞ ለሚፎክር ወንድ ግን አይሆንም። ቆስሎ ቢያመልጥ መጀመሪያ የሚከፍለው ውሻው ነው። በርከት ያለ ፍንጣሪ የሚተፋውን የአደን ጠመንጃ፣ ያንን ቀልሃው ውስጥ ዘጠኝ ትልልቅ እርሳስ የሚታጨቅበትን፣ ሽማግሌው አጠገባቸው አያስደርሱትም። ዘጠኝ አረር ስትለቅ ስምንቱ የት እንደደረሱ ትጠየቃለህ።

ሌላም ነገር አለ። ወንዱ አሳማ ትከሻው ላይ እየወፈረ የሚሄድ ደንዳና ነገር አለው፣ ቆዳም ጅማትም የመሰለ። እነሱም «ጋሻ» ነው የሚሉት፤ ስሙን ስሰማ አያቴ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ትዝ አለኝ። ለስላሳው አረር ትከሻው ላይ ካረፈ ጋሻው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ልቡም እንደ ከብት አይደለም፤ ወደ ፊትና ወደ ታች ብሎ በሁለቱ ወርች መሐል ነው የተቀመጠው። ስለዚህ የሚፈለገው ከጆሮው ኋላ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚጋጠምበት ነው፤ ያውም ከላይ ወደ ታች፣ አረሩ ቢያልፍ እንኳ መሬት ውስጥ እንዲገባ። ውሾቹ በሙሉ ከእኔ ወገን እስኪሆኑ ድረስ እዞራለሁ። አንዳንዴ አስር ደቂቃ እዞራለሁ። አንዳንዴም አሳማው ሰብሮ ይወጣና ይሄዳል፤ ይሂድ።

ሳቅህን ያመጣ እንደሆነ ደግሞ ልንገርህ፤ ሽማግሌው አብዛኛውን ጊዜ አይተኩሱም። ያዡ ጆሮውን ከያዘው አንዱ ሰው የኋላ እግሮቹን አንስቶ ይጥለዋል፣ እሳቸው በረጅም ቢላ ከወርቹ ኋላ ልቡን ይወጉታል። ጥይት የለ፣ ነጥሮ የሚሄድ ነገር የለ። እኔ እግር በመያዝ ተሹሜያለሁ። ማዕረጉ ትልቅ ነው፤ ወገቤ እንዴት እንደታመመ አሁን ገባህ።

ሥጋውን አልነካውም፣ አትስጋ። ለጎረቤት ይከፋፈላል። የሚበልቱትም ጓንት አድርገው ነው፣ ደሙ ለሰው የሚተርፍ በሽታ አለበት። ለውሾቹም ጥሬውን አያቀምሷቸውም፤ ውሻን የሚገድል ሌላ በሽታ ይይዛል። ሁሉም ዓይነት በሽታ ተጭኖበት እሱ ራሱ ምንም አይሆንም፣ ይገርምሃል።

.308ቱን ሸጥኩት። ገዢው «ለምን ትሸጣታለህ?» ሲለኝ «አጭር ቦታ አይመቻትም» አልኩት። ውሻ አብሮት ያድን እንደሆነ ግን ጠይቄዋለሁ፤ የለም አለኝ።

ዴዚን ሽማግሌው ለእኔ ሰጡኝ። ባለ ሦስት እግር ውሻ ለአደን አትሆንም። ካሳ ይሁን ቅጣት እስከ አሁን አልገባኝም፣ አልጠየቅኋቸውምም። ውሻ ቤት ውስጥ አስገባህ ወይ ብለህ እንዳትቆጣኝ፤ ስትመጣ በረንዳ አወጣታለሁ። ይህንን ስጽፍ ጠረጴዛው ሥር ተኝታለች፣ በሕልሟ ትሮጣለች መሰለኝ ጥፍሯ ወለሉን ይቧጥጣል። ፎቶዋን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ያኔ ልልክልህ ይገባኝ የነበረው ይሄኛው ነው።

አባትህ ያረፉ ጊዜም ዝም ማለቴን አውቃለሁ። ዜናውን ከሰው ነው የሰማሁት፤ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ነፍሳቸውን ይማር። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ የጠፋሁት ከክፋት እንዳልሆነ ንገርልኝ።

እዚያ በቆሎው እሸት የያዘ ይመስለኛል አሁን። ዘንድሮ ማማው ላይ ማን ነው የሚያድረው?

ወንድምህ
ተሾመ