ለደባርቁ ወንድሜ፦ እዚህ ተራራ ያለ በቅሎና ያለ ስካውት እንዴት እንደሚወጣ

ስታቫንገር፣ ኖርዌይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ደባርቅ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬስ? አባባስ እግሩን ተሻለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ጠይቀኸኝ መስመሩ እየተቆራረጠ ሳልመልስልህ የቀረውን ነገር በጽሑፍ ብልክልህ ይሻላል ብዬ ነው። «እዚያ አገር ሰው ያለ ጋይድ፣ ያለ ስካውት (ያለ ፓርክ ጠባቂ)፣ ያለ በቅሎ ተራራ ይወጣል ይባላል፤ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እንዴት አይጠፋም?» ነበር ያልከኝ። እውነት ነው። የሚጠፋም አለ። ግን አብዛኛው ሰው በሰላም ይመለሳል።

መጀመሪያ ከፍታ የሚባለውን ነገር እርሳው። የዚህ አገር ረጅሙ ተራራ ጋልድሆፒገን 2,469 ሜትር ነው። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ላይ ስለሆነች፣ በከፍታ ብቻ ከሄድን የኖርዌይ ተራራ ሁሉ ከእማዬ ጓሮ በታች ነው። ስሜን ተራሮች ውስጥ፣ ሳንካበር ላይ፣ የምታስጎበኛቸውን ቱሪስቶች የሚይዛቸው የከፍታ ራስ ምታት እዚህ አያሠጋም። የሚያስቸግረው መነሻውና ብርዱ ነው። እናንተ ዘንድ መንገዱ አፋፍ አፋፉን ይዞ ይሄዳል፤ ገደሉን ቁልቁል ታየዋለህ። እዚህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከገደሉ ሥር፣ ከባሕሩ ዳር ተነስተህ ሽቅብ ነው። ፊዮርድ የሚሉት ባሕሩ በተራሮች መሀል እንደ ወንዝ ገብቶ የተኛበትን ሸለቆ ነው። የስሜንን ገደል የቦረቦረው በአብዛኛው ውሃ ሲሆን፣ ይህን የቦረቦረው በረዶ ነው፤ በጣም ወፍራም የበረዶ ግግር ሸለቆውን ከባሕር ወለል በታች ድረስ ፍቆት ሲቀልጥ ባሕሩ ገባበት። ትልቁ ሶግነፊዮርድ 205 ኪሎ ሜትር ወደ መሀል አገር ይዘልቃል፤ ጥልቀቱ እስከ 1,308 ሜትር ይደርሳል። ከእሱ የሚገነጠለው ናሮይፊዮርድ ጠባቡ ቦታ ላይ 250 ሜትር ስፋት ብቻ ነው ያለው። እሱና ጋይራንገርፊዮርድ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ስሜን በ1978 ነው የተመዘገበው፤ ቀድመናቸዋል በላቸው።

ብርዱን በቁጥር ላስረዳህ። መቶ ሜትር በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከባሕር ዳር 15 ዲግሪ ሆኖ የተነሳ ሰው 1,200 ሜትር ላይ 8 ዲግሪ ያገኘዋል፤ ነፋስና ዝናብ ሲጨመርበት እንደ ዜሮ ነው። አገሩ ወደ ሰሜን ዋልታ ስለሚጠጋ በሐምሌም ከላይ በረዶ አይጠፋም።

እኔ ካለሁበት ከስታቫንገር ቅርብ የሆነው ፕሬይከስቱለን ነው፤ «የሰባኪው መድረክ» እንደማለት። ከሊሰፊዮርድ 604 ሜትር ሽቅብ የቆመ፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ፣ በግምት 25 በ25 ሜትር የሆነ አለት ነው። ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር፣ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከከተማው በባሕር ሥር በተቆፈረ ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ታልፎ፣ አውቶቡስ መነሻው ድረስ ያደርሳል። ጫፉ ላይ አጥር የሚባል ነገር የለም። ለእኛ ሰው አይገርምም፤ ስሜንም ላይ የለም። የሚገርመው መንገዱ ነው። ረግረግ የነበረውንና የተናደውን ቦታ በድንጋይ ደረጃ ያነጠፉት ከኔፓል የመጡ፣ ሼርፓ የሚባሉ የተራራ ሰዎች ናቸው። እዚህ አገር በብዙ ተራራ ላይ እንዲህ አድርገዋል፤ በሰሜን ኖርዌይ፣ ሎፎተን ውስጥ ራይነብሪንገን በሚባለው 448 ሜትር ተራራ ላይ ብቻ ወደ 2,000 የሚጠጋ ደረጃ ሠርተዋል። ድንጋዩን መርጠው፣ ጠርበው፣ አንዱን በአንዱ ክብደት እያስያዙ ያለ ሲሚንቶ ነው የሚደረድሩት። ደረጃው የሚሠራው ለምቾት እንዳይመስልህ። ሰው ጭቃውን ሽሽት ወደ ጎን በወጣ ቁጥር መንገዱ ይሰፋል፣ ሣሩ ይሞታል፣ በክረምት ጎርፍ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ስሜን ውስጥ ያለውን የግጭን ሜዳ ለምታውቅ ላንተ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

በዚያው ፊዮርድ ላይ ሼራግ የሚባል አለ፤ በሁለት ገደል መሀል የተቀረቀረ ድንጋይ ላይ ሰው ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት። ሦስት ቦታ ላይ ዳገቱ ልሙጥ አለት ስለሆነ ሰንሰለት ይዘህ ነው የምትወጣው። ዝናብ ካለ አይሄዱበትም። አለቀ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትሮልቱንጋ ላይ ነው። ትሮል በተረታቸው ውስጥ እንደ ጭራቅ ያለ ፍጡር ነው፤ ስሙም «የትሮል ምላስ» ማለት ነው። ከሥሩ ካለው ሐይቅ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ በአየር ላይ የተዘረጋ አለት ነው። በእ.ኤ.አ. 2010 በዓመት ወደ 800 ሰው ብቻ ይሄድበት ነበር ይባላል፤ ፎቶው በስልክ ከተሰራጨ በኋላ በ2016 ወደ 80,000 ደረሰ። የመጣው ሰው የሚያውቀው ፎቶውን እንጂ መንገዱን አይደለም። መንገዱ ኦዳ ከተማ አጠገብ ሸጌዳል ከሚባለው የመኪና ማቆሚያ ደርሶ መልስ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት የሚፈጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ኪሎ ሜትሮች ቀጥ ያለ ዳገት ናቸው። ይህንን ዳገት በመኪና አልፎ ከላይኛው ማቆሚያ የሚነሳ ሰው ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ እዚያ የሚፈቀደው ግን 30 መኪና ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ መነሳት ሲገባው፣ ቁርሱን ተዝናንቶ በልቶ 4 ሰዓት ላይ የሚነሳ አለ። ከሰዓት በኋላ ምላሱ ጋ ሲደርስ ፎቶ ለመነሳት ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ ሰው በበዛበት ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆማል። በላብ የራሰ ገላ ነፋስ ላይ አንድ ሰዓት ከቆመ ጉልበቱ ያልቃል። ከዚያ «ደረስኩ» ብሎ ያስባል፤ የደረሰው ግን ግማሹ ጋ ነው። የቀረው ቁልቁለት ሲሆን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚጎዳው ያኔ ነው። መላው ቀላል ነው፦ ከመነሳትህ በፊት የመመለሻ ሰዓት ቁረጥ፤ ሰዓቱ ሲደርስ የትም ሁን የት ዙር። መንገዱ ላይ በየኪሎ ሜትሩ ምልክት ስላለ ፍጥነትህን ማስላት አያቅትም። ያለ አስጎብኚ የሚኬደው ከሰኔ ወር መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ውጭ በረዶው ምልክቱን ሁሉ ስለሚሸፍን ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ሂዱ ብለው አጥብቀው ይመክራሉ።

በሰኔ መጀመሪያም ቢሆን አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ። ጅረቱ ላይ የተነጠፈው በረዶ ከላይ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ውሃው ቦርቡሮታል። ሰው ሲረግጠው ይደረመሳል። ከበረዶ የሚመጣ ወንዝ ደግሞ ጠዋት ጉልበት ድረስ የነበረው ማታ ወገብ ይደርሳል፤ ፀሐይ ሲያቀልጠው ይውላልና። መሻገር ካለብህ ጠዋት ተሻገር።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያምረው ቤሴገን ነው፤ ዮቱንሃይመን በሚባለው ተራራማ አገር ውስጥ፣ በሁለት ሐይቆች መሀል የሚሄድ ቀጭን ሸንተረር። በስተግራህ ያለው የበስ ሐይቅ 1,373 ሜትር ላይ ሰማያዊ ሆኖ፣ በስተቀኝህ ያለው «የንደ» የሚባለው ሐይቅ 984 ሜትር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያሉ። አረንጓዴው ከበረዶ ግግሩ የሚመጣ የተፈጨ የድንጋይ ዱቄት ነው። ጠዋት በየንደ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሜሙሩቡ የሚባል ቦታ ድረስ ሂድና በእግርህ ተመለስ፤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት። ተገላቢጦሹ አይመከርም። አንደኛ፣ ገደላማውን ሸንተረር በእጅህ እየተደገፍክ መውጣት ከመውረድ ይቀላል። ሁለተኛ፣ በእግርህ ሄደህ የመጨረሻዋ ጀልባ ካመለጠችህ ሌላ 10 ኪሎ ሜትር በሐይቁ ዳር መጓዝ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ፤ ሰው ለምን አይጠፋም? ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም «ቲ» የምትባለው የላቲን ፊደል ተቀብታለች፤ በየቦታው ድንጋይ ተቆልሏል። በጉም ጊዜ አንዱ ቁልል ጋ ቆመህ ቀጣዩ እስኪታይህ አትንቀሳቀስም። ይህንን የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1868 የተቋቋመው የተራራ ተጓዦች ማኅበር ነው፤ ቀለሙን የሚቀቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማኅበሩ ከ550 በላይ ጎጆዎች አሉት። ከፊሎቹ ሠራተኛ የሌላቸው፣ በማኅበሩ ቁልፍ የሚከፈቱ ናቸው። ገብተህ ስምህን መዝገብ ላይ ትጽፋለህ፣ ከመደርደሪያው የታሸገ ምግብ ትወስዳለህ፣ ሒሳቡን ራስህ አስልተህ ትከፍላለህ። የሚጠብቅህ ሰው የለም። ስትወጣ ቤቱን ጠርገህ፣ እንጨት ፈልጠህ፣ ለሚመጣው ሰው አዘጋጅተህ ነው። የአንሶላ ከረጢት ግን ይዘህ ትሄዳለህ።

መሬቱም ቢሆን ክፍት ነው። ከ1957 ጀምሮ በሕግ የተጻፈ መብት አላቸው፦ ያልታረሰ መሬት ላይ ማንም መሄድና ማደር ይችላል፤ ድንኳኑ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት፣ ከከፍተኛ ተራራና ከመኖሪያ በጣም ከራቀ ቦታ በቀር አንድ ቦታ ላይም ሳያስፈቅዱ ከሁለት ሌሊት በላይ አይታደርም። ከሚያዝያ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጅ አቆጣጠር ጫካ ውስጥና አጠገቡ እሳት ክልክል ነው።

በቅሎ ስለሌለ ሸክሙ ያንተ ነው። ልብስ ሦስት ድርብ ይለበሳል፦ ከገላ ላይ ስስ የበግ ሱፍ፣ መሀል ላይ የሚያሞቅ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ። ጥጥ አይለበስም። ጋቢያችን በደረቅ ብርድ ወደር የለውም፤ ከራሰ ግን ውሃውን ይዞ ሙቀትህን ይመጠዋል። ሱፍ ርሶም ይሞቃል። ኮፍያና ጓንት በሐምሌም ከቦርሳ አይጠፉም። ውሃ አንድ ሊትር ይበቃል፣ ከላይ ከሚፈስ ጅረት ትሞላዋለህ፤ በግ የሚሰማራበት ታች ያለውን ግን አትጠጣ። ካርታና ኮምፓስ በወረቀት፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ። ስልክ ብርድ ላይ ባትሪው ቶሎ ስለሚሞት ከደረት ኪስ፣ ከገላህ አጠገብ ይቀመጥ። የጭንቅ ምልክቱ ፊሽካውን በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ እንደገና መንፋት ነው።

አደጋ ከደረሰ 112 ይደወላል። ፖሊስ ያስተባብራል፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ይወጣሉ፣ ካስፈለገ ሄሊኮፕተር ይመጣል፤ የተረፈው ሰው ክፍያ አይጠየቅም። ዘጠኝ የተራራ ደንቦች አሏቸው፤ ስምንተኛው «በጊዜ ተመለስ፤ መመለስ አያሳፍርም» ይላል። ይህችን ቱሪስቱ ቧሂት ተራራ ካልወጣሁ ብሎ ሲያስቸግርህ ንገረው።

ስንቅ ረስቼ። እዚህ ሰው ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ብርቱካንና ቸኮሌት ይዞ ነው የሚወጣው። በሶ የሚያህል ግን የለም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ በጾምም ይሆናል። ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ለአባባ፣ አንድ ጥንድ ላንተ ወደ አገር በሚገባ ሰው ልኬያለሁ። በሙቅ ውሃ እንዳታጥቡት፣ ይኮማተራል። እማዬ በሶ ለማስያዝ ካሰበች አንድ ኪሎ ይበቃል፤ ገብሱ ጠቆር ያለ ይቆላ በላት።

እህትህ