በአየር ንብረት ክስ የተጎጂው ድምፅ ይሰማ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአየር ንብረት ለውጥ ክሶች የግለሰብ ተጎጂዎች ድርሻ ሊታሰብበት ይገባል። የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ላይ ሲፈርድ፣ የአረጋውያን ሴቶችን ማኅበር ክስ ተቀብሎ የአራት ሴቶችን የግል አቤቱታ ውድቅ አድርጓል። የአቤቱታ ጎርፍ ያሰጋው ይመስለኛል፤ ጉዳቱ ግን የሚያርፈው በሰው ላይ ነው። እዚህ ጅማ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ያለወቅቱ በጣለ ዝናብ ሲሻግት አይቻለሁ። ያን ከባለቤቱ በላይ ማን ይመሰክራል?

የእኛ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ሳያስረዳ በብክለት ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። የጎደለን ማስረጃ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ከቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የእያንዳንዱን ገበሬ ጉዳት በቀን፣ በኪሎና በፎቶግራፍ ይመዝግብ።

አንባቢ፣ ከጅማ