የቅዳሜው ንባብ፦ ከመምጣታችሁ በፊት

ውድ የክበባችን አባላት፣

ቅዳሜ 8 ሰዓት አራት ኪሎ ስንገናኝ «ሕይወት ምን ዋጋ አላት?» የሚለውን ጥያቄ ከሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እናነሣለን። እያንዳንዳችሁ ሁለት ቦታ ብቻ ምረጡ፤ ከአንድ ገጽ የማይበልጡ ይሁኑ። የገጽ ቁጥር እንደ ኅትመቱ ስለሚለያይ ምዕራፉንና የአንቀጹን መጀመሪያ ቃላት ጻፉ፤ አለዚያ ግማሹ ሰዓት በፍለጋ ያልቃል።

በመረጣችሁት ቦታ ጥያቄውን የሚያነሣው ማን እንደሆነ ለዩ፤ ገጸ ባሕርዩ ነው ወይስ ተራኪው? ብዙ ጊዜ ውይይት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ጉዱ ካሳ የተናገረውን ሁሉ የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ አቋም ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ግን ሰፈሩ እንደ እብድ የሚያየው ሰው አፍ ላይ የተቀመጠ ሐሳብ ከነአቀማመጡ ነው የሚመዘነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ደግሞ ከስለቱ ጀምሩ። ሳይጠየቅ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ የሕይወቱን ትርጉም ራሱ መርጧል ይባላል? (እኛ አይባልም ባዮች ነን፤ ተከራከሩን።)

ታሪኩን መተረክ አያስፈልግም፣ ሁሉም አንብቦታል። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ፤ መጀመሪያ ጽሑፉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል፣ ከዚያ አስተያየት። እርሳስ ያዙ።