ቁጥሩን ብቻ አታንብብ

አቡሽዬ፣

ሰላምህ ይብዛ። እኔም እናትህም ደህና ነን። ብርዱ ሲመጣ ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ሌላ ችግር የለም።

እህትህ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። የምትሠራበት ማደያ በሌሊት መዘረፉን፣ ተረኛውም አንተ መሆንህን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብቀኸኛል። አባዬ ይጨነቃል ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። እንደዚህ አይነት ነገር ግን ከአባት አይደበቅም። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። በሕይወት ተርፈህልኛልና እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ ደግሞ ቅዳሜ ሽጉጥ ልትገዛ መሆኑን ነገረችኝ። ከፖሊስ የወጣ፣ ያገለገለ፣ በርካሽ የተገኘ። ጥይቱ ምንድን ነው ብላት «357 ብሎኛል» አለችኝ። 357 ምን? አላወቀችም። ከአልጋዬ የተነሳሁት ያኔ ነው። ልጄ፣ ቁጥሩን ብቻ አታንብብ።

አትግዛ ብዬ አልጽፍልህም። ትልቅ ሰው ነህ፣ የልጅ አባት ነህ። እኔም እዚህ አሜሪካ 18 ዓመት የታጠቅሁ ጥበቃ ሆኜ ነው ያሳደግኋችሁ። ግን ብረቱን አንዴ ነው የምትገዛው። ጥይቱን ስትገዛ ትኖራለህ። ስለዚህ ስለ ጥይቱ እናውራ።

ከፖሊስ የወጣ ከሆነ 357 ሲግ ነው ብዬ ነው የምገምተው። መጥፎ ጥይት አይደለም፣ እውነቱን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የወጣው። ፎርቲ የሚሉት ሌላ የሽጉጥ ጥይት አለ፤ እንደ እሱ ያለ ቀለህ ወስደው አንገቱን አጠበቡትና የ9 ሚሊ እርሳስ፣ ከአፈሙዙ የሚወጣውን ማለቴ ነው፣ አስገቡበት። የፈለጉት ሪቮልቨር የሚባለው ባለ ተሽከርካሪ ሽጉጥ የሚተኩሰውን የ357 ማግነም ጥይት ጉልበት ካዝና ባለው ሽጉጥ ለማግኘት ነበር። ብዙም አልራቁም። 8 ግራም የምትሆን እርሳስ በሴኮንድ 410 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ያንኑ የሚያህለው የ9 ሚሊ እርሳስ 350 አካባቢ ነው። አንገቱ እንደ ጠርሙስ ስለጠበበም ሲጎርስ ሳይነክስ ይገባል። የፕሬዚዳንቱ ጠባቂ ሴክሬት ሰርቪስ ለዓመታት ታጥቆታል። የቴክሳስ ስቴት ፖሊስም እንደዚሁ።

ታዲያ ለምን ተዉት? የ9 ሚሊ እርሳስ አሠራር እየተሻሻለ መጣ። ኤፍ ቢ አይ ራሱ ፎርቲን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 9 ሚሊ ተመለሰ። ሲተኮስ እጅን ወደ ኋላ የሚገፋው ይቀንሳል፣ ካዝናው ብዙ ይይዛል፣ ልምምዱም ርካሽ ነው። አንተ ያገኘኸው ሽጉጥ የረከሰው ለዚህ ነው። ብረቱ ረከሰ እንጂ ጥይቱ አልረከሰም። የአንዱ 357 ሲግ ዋጋ የ9 ሚሊውን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሱቁም ሁልጊዜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 መደርደሪያዎቹ ባዶ ሲሆኑ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ፋብሪካዎቹ ያስቀደሙት ብዙ ሰው የሚፈልገውን ነበር። ጥይቱ ሲወደድብህ ልምምድ ትቀንሳለህ። ያልለመደ እጅ ደግሞ በጨለማ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ድምፁም ከባድ ነው። በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ብትተኩሰው ጆሮህ አይተርፍም።

የቤትህ ግድግዳም ጂፕሰም ነው። የትኛውም የሽጉጥ ጥይት ያልፈዋል። ከግድግዳው ወዲያ ትንሿ ተኝታለች። ይህን አስብ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። 357 ሲግና 357 ማግነም አንድ አይደሉም። ቁጥራቸው አንድ ነው፣ ጥይታቸው ግን ለየቅል ነው። የሲጉና የፎርቲው ሽጉጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአፈሙዝ ቅያሪ ብቻ ነው የሚለያዩት። ካዝናቸው እንኳ አንድ ነው። ሁለቱን ጥይት አንድ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥክ አንድ ቀን ትሳሳታለህ። ቁጥሩን ብቻ አታንብብ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንብብ።

የአጎትህን እጅ ታውቃለህ። ሁለት ጣቱ የጎደለውን። ልጆች ሆናችሁ «ጦርነት ላይ ነው» እያልን ነው ያሳደግናችሁ። ጦርነት አይደለም። እኔ ነኝ።

አያትህ በጣሊያን ጊዜ የማረካት ቤሬታ የምትባል የጣሊያን ሽጉጥ ነበረችው። ሠርግና ጥምቀት ላይ ነበር የምትወጣው። ጥይቷ እያለቀ ሄደ። እኔ ወታደር ሆኜ በ1977 ዓ.ም. ፈቃድ ወጥቼ ስመጣ ቤት ውስጥ አንድ እንኳ አልነበራትም። በዚያ ዓመት ሽፍታው በዝቶ ከብት ይነዳ ነበር። እኔ ስድስት የማካሮቭ፣ የሩሲያው ሽጉጥ፣ ጥይት በካልሲ ደብቄ አመጣሁ። ሽጉጧ ላይ 9 ተጽፏል። የማካሮቩም 9 ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ነው ብዬ ለወንድሜ ሰጠሁት። እንዴት ደስ እንዳለው! ግንባሬን ሳመኝ።

ከ9ኙ ቀጥሎ «ኮርቶ» የሚል ቃል ነበር። አላነበብኩትም። በጣሊያንኛ አጭር ማለት እንደሆነ ያወቅሁት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው። የቤሬታዋ ቀለህ 17 ሚሊ ነው፣ የማካሮቩ 18። እርሳሱም በሩብ ሚሊ ገደማ ይወፍራል። ሩብ ሚሊ ምን አላት? እኔ ወደ ጦሩ በተመለስኩ በሳምንቱ ሊሞክራት ሲያጎርስ ነከሰችበት። ሊዘጋት ከኋላዋ በድንጋይ መታት። ሳትዘጋ ተኮሰች። ቀለሁ እጁ ላይ ፈነዳ።

አጎትህ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። «አንተ ምን ታደርግ» ብሎ ነው የተወኝ። በዚያ እጁ አርሶ ለእኔ ስንቅ ይልክ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናትህ ብቻ ናት የምታውቀው።

ስለዚህ ስማኝ። ቅዳሜ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቀለሁ ሥር ያለውንም ጽሑፍ። ቁጥሩን ብቻ አይደለም፣ ቃሉንም። ከተቻለህ ተወውና 9 ሚሊ፣ 9 በ19 የሚለውን ውሰድ። የሚጎድለውን ብር እኔ እጨምራለሁ። አታፍርብኝ።

ፎርም 4473ን፣ ሽጉጥ ስትገዛ የሚሰጥህን የፌዴራል ቅጽ፣ ራስህ ሞልተህ ፈርም። የሥራ ባልደረባህ በስምህ እንድትገዛለት ከጠየቀህ እምቢ በል። የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ግሪን ካርድህን ያስበላሃል። ብረት ሣጥን ግዛ፣ ቁልፉን ትንሿ የማትደርስበት ቦታ አድርግ። አጉርሰህ አታስቀምጥ። የሌሊቱን ፈረቃ እንዲቀይሩልህም ጠይቅ። እኔ ከሽጉጡ ይልቅ የምመርጠው ይህንን ነው።

እሑድ ለአጎትህ ደውልለት። የእጁን ነገር አታንሳበት። የዘንድሮ ጤፍ እንዴት ሆነ በለው፣ ስለሱ ማውራት ደስ ይለዋል።

ፎቶውን እጠብቃለሁ።

አባትህ