ደብዳቤ ለልጄ፦ አቴና ስላየሻት ነጭ ሸክላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሙዚየሙ የላክሽውን ፎቶ እናትሽ አይታ «ይቺ አንገተ ቀጭን አበባ ቢገባባት ታምራለች» አለች። ሌኪቶስ ትባላለች፣ ለሙታን ዘይት የሚቀርብባት ዕቃ ናት ስላት ስልኩን ቶሎ መለሰችልኝ።

የአንዳንዷ ሌኪቶስ ጉድ ውስጧ ነው። ከአንገቷ ሥር ትንሽ ጽዋ ተደብቃባታለች፤ ጥቂት ዘይት ጠብ ሲያደርጉባት እስከ አፏ የሞላች ትመስላለች፣ ሆዷ ግን ባዶ ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዘይቱ ሬሳ እንዳይበሰብስ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። የጥንት ግሪኮች እንደ ግብፆች ሬሳ የማቆየት ልማድ አልነበራቸውም። የቤቱ ሴቶች አጥበው፣ ዘይት ቀብተው፣ ገንዘው አልጋ ላይ ያጋድሙታል። አንድ ቀን ይለቀስለታል፤ በማግሥቱ ፀሐይ ሳትወጣ ወደ መቃብር ይሸኛል። ደጃፉ ላይ ውሃ ይቀመጣል፣ ለቅሶ ደራሹ ሲወጣ ይነጻበታል። የአቴናው ሶሎን ፊት መንጨትን በሕግ ከልክሎ ነበር። አያቴ እዚያ ብትኖር ስንቴ ትቀጣ እንደነበር እንጃ!

ሬሳ እንዳይበሰብስ ማር የተፈለገው ግን ለስፓርታ፣ ለሌላዋ የግሪክ ከተማ፣ ነገሥታት ነው። ተራው ወታደር በወደቀበት ይቀበራል፣ ንጉሥ ግን አገሩ መግባት አለበት። ንጉሥ አጌሲፖሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ380 በሰሜን ግሪክ ሲዘምት፣ በበጋው ሐሩር ትኩሳት ይዞት በሰባተኛው ቀን ሞተ፤ ማር ውስጥ አድርገው ስፓርታ አደረሱት። ሌላው የስፓርታ ንጉሥ፣ ሽማግሌው አጌሲላዎስ ደግሞ ከግብፅ ሲመለስ ሊቢያ ዳርቻ ላይ አረፈ። እዚያ ማር ስላልተገኘ ሰም አቅልጠው ሸፈኑት። ቀፎ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝና ነገሩ አልገረመኝም። ማር ከሥጋው እርጥበቱን ይስባል፣ የሚያበሰብሰው ተህዋስ እዚያ ውስጥ አይራባም። ሰሙም አየር ይከለክላል። ሁለቱም ከአንድ ቀፎ! ማሩ ቢጠፋ ሰሙን የፈለጉት ሰዎች ብልሆች ናቸው።

ሙዚየሙ ስትመለሺ ሌኪቶሶቹን ዞር ብለሽ ጎናቸውን እዪልኝ። ትንሽ ቀዳዳ ካገኘሽ፣ እቶን ውስጥ እንዳትፈነዳ የተተወላት መተንፈሻ ነው፤ ያቺ ባዶ ሆድ ከሆኑት አንዷ ናት። ፎቶ አንሺልኝ፣ ለእናትሽ አላሳያትም።

አባትሽ