የቲምቡክቱን መስጊዶች ያቆማቸው በረሃው አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በማሊ ስላለችው የቲምቡክቱ ከተማ የጭቃ መስጊዶችና የወሊዮች መቃብሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው። ሁለት ነገር ግን መታረም አለበት። አንደኛው ደረቁ የሰሃራ አየር ሕንጻዎቹን 700 ዓመት ጠብቆ አቆያቸው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ግድግዳዎቹ በሲሚንቶ ቢለሰኑ የከተማው ሰው በየጊዜው ጭቃ ከመለጠፍ ይገላገላል የሚለው ምክር ነው። ሁለተኛው ስህተት የመጣው ከመጀመሪያው ነው።

ቲምቡክቱ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ዓመቱን ሙሉ ቢደመር 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን አብዛኛው በክረምቱ ወራት በጥቂት ዶፎች ይወርዳል። የጭቃ ግንብን የሚጥለው የዓመቱ ድምር ሳይሆን ያ የአንድ ቀን ውሃ ነው። በስተደቡብ ባለችው በጄኔ ከተማ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 በ24 ሰዓት ውስጥ 75 ሚሊ ሜትር ዘንቦ የታላቁ መስጊድ የአንዱ ማማ አናት ተደርምሷል። ነፋሱም ያው ጠላት ነው። አሸዋ እያነሳ የግድግዳውን እግር ይፍቃል፣ ሲያርፍ ደግሞ እዚያው ይከመራል። ከዓመት ዓመት ሲከመር የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል በላይ ይሆንና ዝናቡ ወደ ውስጥ መፍሰስ ይጀምራል።

ስለዚህ «700 ዓመት» የሚለውን በጥንቃቄ ነው ማንበብ። የቲምቡክቱን ታላቅ መስጊድ ጂንጋሬይበርን የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ ከሐጅ ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1320ዎቹ፣ እንዳሠራው ይነገራል፤ ግንበኛውም የግራናዳው አቡ ኢስሃቅ አስ-ሳሂሊ ነው ይባላል። ነገር ግን የከተማው ዳኛ ቃዲ አል-አቂብ ከ1570 እስከ 1583 ባለው ጊዜ በሰፊው መልሶ ሠርቶታል። ከዚያ ወዲህም የላዩ ልስን ስንት ጊዜ እንደታደሰ የቆጠረ የለም። በፎቷችሁ ላይ የሚታየው ቆዳ የቅርብ ዓመታት ሥራ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ጭቃ መለጠፍ ተብሎ የታለፈው ሥራ ቀላል አይደለም። አፈሩ ሸክላ ከበዛበት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ካነሰበት በመዳፍ ሲታሽ ይረግፋል። መጠኑን ለማወቅ ግልጽ ጠርሙስ እስከ ሲሶው አፈር ጨምሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ትንሽ ጨው ነስንሶ አናውጦ ማስቀመጥ ይበቃል። አሸዋው ወዲያው ይረጋል፣ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ፣ ሸክላው ደግሞ በማግስቱ ከላይ ይተኛል። የሸክላው ንብርብር ከአጠቃላዩ ከአሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ለልስን ይሆናል። ከዚያ ጭቃው ይቦካል። በጄኔ የሩዝ ገለባ ገብቶበት፣ እየተረገጠና ውሃ እየተጨመረበት፣ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል፤ ጥቁርና የሚሸት ይሆናል። ሽታው ሥራው እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ ገለባው ሲበሰብስ የሚያወጣው ነገር አፈሩን ያጣብቀዋል፣ ውሃንም የመቋቋም አቅሙን ይጨምራል። በጤፍ ጭድ የሚመርግ የአገራችን ሰው ጭቃውን የሚያሳድረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ አቡክቶ ዛሬ የሚመርግ ሰው በቀጣዩ ክረምት መልሶ ይመርጋል።

ሲለጠፍ፣ መጀመሪያ አሮጌው ግድግዳ በደንብ ይጠረጋል፣ የላላው ይነሳል፣ ከዚያ ውሃ ይረጭበታል። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ በአንድ ጊዜ ይመጠውና ልስኑ ሳይይዝ ይላቀቃል። አንዱ ድርብ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ በአንዴ ከተለጠፈ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። ሁለተኛው ድርብ የመጀመሪያው ደርቆ ስንጥቆቹን ካሳየ በኋላ ይመጣል። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ሁሉም መድረቅ አለበት።

ከግንቡ ወጣ ወጣ ያሉት እንጨቶች ጌጥ ብቻ አይደሉም። ሠራተኞቹ የሚወጡባቸው ቋሚ መወጣጫ ናቸው፤ ግንቡንም ያስራሉ። (ደብረ ዳሞን ያየ አንባቢ የእንጨቶቹ ጫፎች ከግድግዳው ብቅ ማለታቸውን ያስታውሳል፤ እዚያ ግን ሥራቸው ማሰር ነው እንጂ መወጣጫ መሆን አይደለም።) ምስጥ የገባበት እንጨት ካልተለወጠ ውሃ በቀዳዳው ወደ ግንቡ ልብ ይገባል። ጣሪያው ሌላ አደጋ አለው። ሲያንጠባጥብ አሮጌው ሳይነሳ አዲስ ጭቃ ከላይ ይደረባል፣ ይህም በየዓመቱ ሲደጋገም ከሥሩ ያሉት ሰሌንና ወራጆች መሸከም ያቅታቸዋል።

አሁን ሲሚንቶው። ጭቃ የጠጣውን እርጥበት በፀሐይ መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይዘጋል። ከመሬት የተሳበውና በስንጥቅ የገባው ውሃ ከልስኑ ጀርባ ይጠራቀማል፣ የተሸከመው ጨው እዚያው ይረጋና ጭቃውን ይፈረፍረዋል። ሁለቱ ነገሮች በሙቀት ሲለጠጡና ሲኮማተሩም እኩል አይደሉም። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ጤነኛ ነው፤ በጣት ሲቆረቆር ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ አንድ ቀን ልስኑ በትልቅ ገበታ ይወርዳል፣ የጭቃውን ገላ ይዞ። የአዲስ አበባ የጭቃ ቤት ባለቤቶች የዶሮ ሽቦ ቸንክረው ሲሚንቶ ካስለሰኑ በኋላ የሚያዩት ይኸው ነው። የጭቃ ልስን እየተሸረሸረ ግንቡን ያተርፋል። ሲሚንቶ ራሱ ተርፎ ግንቡን ያጠፋል።

ሌላም ኪሳራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ካሉት 16 የቲምቡክቱ መቃብሮች 14ቱን ሲያፈርሱ፣ መልሶ መገንባት የቻሉት የከተማው ግንበኞች ናቸው። መሠረቱን ቆፍረው አግኝተው፣ ከቆዩ ፎቶዎችና ከሽማግሌዎች አመሳክረው፣ በጭቃ ጡብና በአካባቢው ነጫጭ ድንጋይ ሠርተው በ2015 ጨረሱ። ከአፍራሾቹ አንዱ በ2016 በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት 9 ዓመት ተፈርዶበታል። ያ ሥራ በዚያ ፍጥነት የተሠራው ሙያው በእጅ ስለነበረ ነው፤ ሙያውን ያቆየው ደግሞ ጋዜጣችሁ ድካም ያለው ተደጋጋሚ ልስን ነው።

ድካሙን መቀነስ ከተፈለገ የተሻሉ መንገዶች አሉ። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው ርቆ እንዲጥል ይረዝማል። አሸንዳው ሥር ድንጋይ ይነጠፋል፣ ፍንጣሪው እግሩን እንዳይቦረቡር። የተከመረው አሸዋ ከዝናቡ በፊት ይጠረጋል። የተቦረቦረ እግር በሲሚንቶ ሳይሆን በአዲስ የጭቃ ጡብ ይሞላል። ቀድሞ ሲሚንቶ የተለጠፈበት ካለ በበጋ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች በትንሽ በትንሹ ይነሳል፤ ግድግዳው በጋውን ሙሉ እርጥበቱን እንዲያወጣ ይተዋል፤ የጭቃ ልስኑ ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ይደረጋል።

አንድ የቅርስ ጥገና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ