መርፌው ከመምጣቱ በፊት

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ዕፅ ሱስ ሲወራ ሁሌ የምንሰማው «ጓደኛ አበላሸው» የሚል ነው። በካናዳ ነባር ሕዝቦች ወጣቶች ላይ ይህ ሲባል ስሰማ በጣም እናደዳለሁ።

በካናዳ ከተሞች በቫንኩቨርና በፕሪንስ ጆርጅ ዕፅ የሚጠቀሙ ነባር ወጣቶችን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት የተከታተለው የሴዳር ፕሮጀክት የተባለ ጥናት፣ ዕፅን በመርፌ መውሰድ ከመጀመር ጋር ተያይዘው ካገኛቸው ነገሮች መካከል ወሲባዊ ጥቃት፣ ለመኖር ሲሉ ገላን መሸጥ፣ ክራክ (የሚጨስ ኮኬይን) እና ክሪስታል ሜት (ኃይለኛ አነቃቂ ዕፅ) ማዘውተር ይገኙበታል። ልጅነቷን በጥቃት ያሳለፈች ልጅ ሕመሟን የሚያደነዝዝላት ነገር ብትፈልግ ምን ይገርማል?

ነገሩ ደግሞ ከእሷ አይጀምርም። ካናዳ ከ150,000 በላይ ነባር ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ለይታ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብታለች። በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር፤ ብዙዎቹም ተደፍረዋል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፣ ትናንት ማለት ነው! እናት አባት ሳያቅፋቸው ያደጉት ሰዎች ራሳቸው ሲወልዱ ደግሞ ስንቱን ልጅ መንግሥት ወስዶ ለአሳዳጊ ሰጠ። በ2021 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ፣ በአሳዳጊ ቤት ካሉት ከ15 ዓመት በታች ልጆች ከግማሽ በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ነበሩ፤ ከአገሪቱ ልጆች ግን 8 በመቶ እንኳ አይሞሉም።

ንጹሕ መርፌ ማደል ኤችአይቪን ይቀንሳል፣ እደግፈዋለሁ። ግን የሚደርሰው ልጅቷ ከጀመረች በኋላ ነው። ከጥቃት የምትሸሽበት ቤት፣ ከአሳዳጊ ስትወጣ የምታርፍበት ጣራ፣ ሽማግሌዎቿና ቋንቋዋ ያሉበት ሕክምና ያስፈልጋታል። ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ይዋል።

ከአንባቢያችሁ አንዷ